ከእሳቱ በደህና አውጣት

ዓባይነሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ እሳት ሳታነድ ኖራለች፤ መካነ ሰላም ላይ ይህን ያወቀባት አንድ ሰው የለም። ዓርብ ፀሐይ ሳትጠልቅ ዳቦዋን ጋግራ፣ ወጧን ሠርታ፣ ምድጃዋን አመድ አልብሳ ትጨርሳለች። ቅዳሜ ጎረቤት ብቅ ካለ፣ ግንባሯን በሻሽ ጥፍር አድርጋ አስራ ያገኛታል። «ያ የቅዳሜ ራስ ምታትሽ መጣብሽ ደግሞ?» ይሏታል። «መጣ፤ ምን ላድርገው እናቴ» ትላለች። ባሏ አራጋው፣ ነፍሱን ይማረውና፣ እስኪሞት ድረስ ሲያዝንላት ኖረ። አንድ ጊዜማ እስከ ደሴ ሄዶ ኪኒን ገዝቶላት መጥቷል።

የዚያን ቅዳሜ ግን ምድጃው የእሷ አልነበረም።

ልጇ ምህረት የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ደርሳ፣ በባሏ አገር ባለው ጤና ጣቢያ፣ ወላዶች ቀናቸውን በሚጠብቁበት ማቆያ ቤት ገብታለች። ቦታው ከመካነ ሰላም በመኪና ከሰዓት በላይ ያስኬዳል፤ መንገዱ ኮረት ነው፣ ኅዳር ደግሞ ብርዱ ያንሰፈስፋል። ዓባይነሽ የሽንኩርትና የበርበሬ መደቧን ለጎረቤት አደራ ሰጥታ ሐሙስ ዕለት ደረሰች። የምህረት አማት እትዬ የትምወርቅ ቀድመዋት ነበር። ዱቄታቸውን፣ ቅቤያቸውንና አሮጌ የሸክላ ድስታቸውን በአህያ አስጭነው፣ ማቆያውን የገዛ ጓዳቸው አስመስለውታል።

«ዓባይነሽ፣ አንቺ እሳቱን አያይዢ፤ እኔ ዱቄቱን ልንፋ» አሉ እትዬ የትምወርቅ፣ ፀሐይ ወጣ ስትል። «ልጅት ወገቤን ወገቤን ማለት ጀምራለች። አጥሚት እናፍላላት።»

«እኔ እንኳን እትዬ፣ ራሴን ትንሽ...»

«ራስሽን? ይቺ ታምጥ፣ ራስ ምታቱ አንቺን ይያዝሽ! ምነው፣ የምትወልጂው አንቺ ነሽ እንዴ?»

አልጋው ላይ በጎኗ የተጋደመችው ምህረት ሳቀች። «ይተዉአት እትዬ፣ እውነቷን ነው። እማዬን ቅዳሜ ቅዳሜ ራሷን ያማታል እኮ። ከልጅነቴ ጀምሮ እንዲሁ ናት።»

«ቅዳሜ ቅዳሜ?» አሉ እትዬ የትምወርቅ፤ ወንፊቱን የያዘ እጃቸው ቆም አለ።

ዓባይነሽም ሳቀች፤ አፏ ብቻ። ልጅቱ ምኑን ታውቃለች! ምንም አልነገረቻትም። ሳትነግራት ያሳደገቻት እንዲህ እንድትስቅ ነበር። «የሥራ መሸሻ ነው በሉት» ብላ ክብሪቱን አነሳች። የመጀመሪያው እንጨት ጠፋባት፤ ሁለተኛው ያዘ። «ጌታዬ፣ ፍርሃቴን እይ፤ እጄን አትይ» አለች በሆዷ። ጭሱ ሲነሳ እንባዋ መጣ። የጭስ አስመስላ ጠረገችው።

ሁለተኛው ጥፋት የመጣው ደግሞ ሳታስበው ነው። ድስቱን ጉልቻ ላይ ልትጥድ አነሳችና በጣቷ አንጓ መታ አደረገችው። ድምፁ እንደታመመ ደረት ዱፍ አለባት። ይህ ባልከፋ ነበር፤ ገበያ ላይ ድስት የሚገዛ ሁሉ መታ ያደርጋል። እሷ ግን ዙሪያውን እየመታች ዱፍ ያለበትን ቦታ አገኘች፤ አውራ ጣቷን በምራቋ አራሰችና የድስቱን ወገብ አሸችው። ምራቁ ገብቶ እንደ ፀጉር የቀጠነ ጥቁር መስመር አወጣ። እንዲህ የሚያደርግ ሸክላ ሠሪ ብቻ ነው። እናቷ እንዲህ ስታደርግ አይታ ነው ያደገችው፤ እጇ ሠላሳ ዓመት ጭቃ ሳይነካም አልረሳውም።

«ይሄ ይፈነዳል እትዬ፤ የብረቱን እንጠቀም» አለች።

«አማቴ ያወረሱኝ ድስት ነው፤ ስንት አራስ የታረሰበት! ደግሞስ በምን አወቅሽ?»

«እንዲሁ መሰለኝ።»

«የመሰለሽን ሁሉ አታውሪ። ጣጂው!»

ጣደችው። አጥሚቱ መንተክተክ ሲጀምር ድስቱ ጧ ብሎ ለሁለት ሄደ፤ አጥሚቱ ፈስሶ እሳቱን አጠፋው። እትዬ የትምወርቅ አማተቡ። ስብርባሪውን አላዩም። ያዩት የዓባይነሽን አውራ ጣት ነበር፤ ቀጥሎ ዓይኗን።

ያንን አስተያየት ዓባይነሽ ታውቀዋለች። ልጅ ሆና፣ ከደጎሎ ቁልቁል በሚወርደው ቆላ፣ መንደራቸው የሸክላ ሠሪና የቀጥቃጭ መንደር ነበር። አገሩ ወጡን የሚሠራው በእነሱ ድስት፣ ውኃውን የሚቀዳው በእነሱ እንስራ፣ መሬቱን የሚገለብጠው እነሱ በቀጠቀጡት ማረሻ ነው። ጠግቦ ከበላ በኋላ ደግሞ ቡዳ ይላቸዋል። ይህን የሚለው ፊደል ያልቆጠረ ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት! ዲግሪውን ግድግዳ ላይ የሰቀለ፣ ስለ ሰው ልጅ እኩልነት ሲናገር ጉሮሮው የሚደርቅ ሰው፣ ልጁ ባስነጠሰው ቁጥር «ዓይን ነው» ብሎ ሚስቱን በጆሮዋ ያንሾካሹክላታል። አላዋቂ አይደለም፤ ያውቃል። ቢያውቅም፣ ልጁ ለታመመበት ቀን የሚጠላው ሰው ይፈልጋል።

የዓባይነሽ ወገኖች በዚህ ላይ ሌላ ዕዳ ነበረባቸው። ኦሪትን ይጠብቃሉ፤ ራሳቸውን እስራኤል ይላሉ። ጎረቤቶቻቸው የሚጠሯቸው ግን በሌላ ስም ነበር። ቄሶቻቸው በግእዝ ያዜማሉ፤ ግእዙ የወንዶቹ ነበር። ሴቶቹ የራሳቸው ቃል ነበራቸው፣ በአማርኛ፣ በጓዳ አማርኛ። ዓርብ ሊጡን ቆንጥረው ለእግዚአብሔር ሲለዩ የሚሉት አለ። ምድጃውን አመድ ሲያለብሱ የሚሉት አለ። የወር ጊዜያቸው ደርሶ ለብቻዋ ወደተሠራችው ጎጆ ሲገቡ የሚሉት አለ። ልጅ ስታምጥ ደግሞ ምጥ የያዛት ሴት እናት የምትለው አለ፣ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ ስም እየጠራች። በብራና የተጻፈ አንድም የለም። እናት ለልጅ፣ ጭቃ እየረገጡ፣ በአፍ ያወረሱት ነው። እግዚአብሔር የሚሰማው የተማረ ሰው ቋንቋ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ ወይ እግዚአብሔርን አያውቀውም፣ ወይ እናት የለውም።

አንድ ክረምት የአንድ ሀብታም ገበሬ ሕፃን በተቅማጥ ታመመ። የዓባይነሽን እናት ብርቄን እየጎተቱ ወሰዷት፣ «በልተሽዋል፣ እትፍ በይበትና ልቀቂው» አሏት። እትፍ አለችበት። ሕፃኑ ሞተ። ቤታቸውን በሳምንቱ ቅዳሜ ቀን አቃጠሉት። በዚያ ግቢ ቅዳሜ ቀን የነደደ እሳት ያ ብቻ ነው። ዓባይነሽ ከዚያ ወጥታ መካነ ሰላም ገባች፤ ከነማን እንደሆነች ለማንም፣ ለአራጋውም ሳይቀር፣ ሳትነግር ኖረች።

የድስቱ ስብርባሪ ተጠርጎ ሳያልቅ ምህረትን ምጡ ያዛት።

የወላድ ክፍሉ ማቆያውን ተጎራብቶ ነው። አዋላጇ ዙሀራ የምትባል፣ ቀጠን ያለች፣ ሂጃቧን ወደኋላ ሸብ አድርጋ የምትሠራ ልጅ ናት። ሁለቱንም እናቶች አስገባቻቸው። የምህረት ባል በፍቃዱ ውጭ ቀረ። ስድስት ዓመት ሳውዲ ግመል ጠብቆ የተመለሰ፣ ደንዳና ጎረምሳ ነው፤ እዚያ በር ላይ ግን ስልኩን አንዴ ወደ ግራ፣ አንዴ ወደ ቀኝ እጁ ከማዛወር ሌላ ሥራ አልነበረውም።

«ማርያም! ማርያም! ማርያም!» አሉ እትዬ የትምወርቅ፣ የምህረትን እጅ ይዘው። አገሩ ሁሉ ምጥ የያዛት ሴት አጠገብ የሚለው ይህንኑ ነው፤ ሴት ወልዳ እስክትገላገል ከአፍ አይወርድም። ዓባይነሽ ከንፈሯን አንቀሳቀሰች። ድምፅ አላወጣችም።

«ምነው፣ አትጠሪያትም እንዴ?»

«እየጠራሁ ነው እትዬ።»

«እኔ አልሰማሁሽም።»

«በሆዴ ነው።»

«ምጥ በሆድ አይጸለይም!» አሉ። ይህን ሲሉ ልክ ብርቄን መሰሏት። እናቷም እንዲሁ ትል ነበር፤ ድምፅሽን አውጪ፣ ለማን ብለሽ ነው የምትደብቂው።

ፀሐይዋ ከፍ ስትል ምጡ አልገፋ አለ። ምህረት ደከመች። ትንፋሿን አምቃ ትይዛለች፣ ጥርሷን ትነክሳለች፣ መግፋት ሲገባት ሰውነቷን ትቆልፋለች። «ተንፍሺ እህቴ፣ አብሽሪ፣ ተንፍሺ» ትላለች ዙሀራ። የሕፃኑን ልብ ታዳምጣለች፣ ግሉኮሷን ታስተካክላለች፣ ፊቷ ግን እየጠበበ መጣ። ወጥታ ስልክ ደወለች። «ከመካነ ሰላም አምቡላንስ ጠርቻለሁ» አለች ተመልሳ። «እስኪመጣ እንሞክራለን።»

ዓባይነሽ በሆዷ የምትለው አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ እሳቱ ነው። እኔ ያነደድኩት እሳት ነው። ሰው ፈርቼ አነደድኩት፤ ልጄ ልትከፍለው ነው።

ያኔ ምህረት ዓይኗን ገልጣ ፈለገቻት። «እማዬ፣ ያንን በይልኝ።»

«የቱን የኔ ሆድ?»

«ያንን። ወባ ይዞኝ ሳለ ያልሽልኝን። የጭቃውን።»

ዓባይነሽ አወቀችው። አዎ፣ ብላላት ነበር። ልጅቱ ትንሽ ሆና ትኩሳት ያቃጠላት ጊዜ፣ ቤቱ ውስጥ ማንም ስላልነበረ ብላለች። ምን እንደሆነ አልነገረቻትም። ልጅቱም እናት ሁሉ ለልጇ የምትለው እሹሩሩ መስሏት አደገች። «ተኝተሽ አልመሽ ይሆናል» አለቻት፤ ይህን ስትል እትዬ የትምወርቅን እያየች ነበር። ልጇን ካደቻት። በዚያች ሰዓት፣ እዚያ አልጋ ላይ።

ቀጣዩ ምጥ መጣ። ምህረት ራሷን ወደኋላ ጣለችና እናቷ ያልሰጠቻትን ለራሷ ማለት ጀመረች። የምታስታውሰው ግን ቁርጥራጩን ብቻ ነበር። «ጭቃ ነኝ... እሳት ውስጥ ነኝ... ከእሳቱ አውጣኝ... ሳልሰነጠቅ... ሳልሰነጠቅ አውጣኝ!»

እትዬ የትምወርቅ እጇን ለቀው ወደኋላ ተንቀሳቀሱ።

«ሰማሽ?» አሉ ዙሀራን። «ሰማሽ የምትለውን? ስንጥቅ ትላለች፣ እሳት ትላለች። ጠዋት ድስቴ ላይ የወረደው ነው! ይዟታል፤ ይሄ ልፍለፋ ነው።»

«ምጥ ነው እናቴ። ምጥ የያዛት ሰው ብዙ ይላል።»

«አንቺ ልጅ ነሽ፣ አታውቂም። እኔ ቡዳ የያዘው ሲለፈልፍ አይቻለሁ። በፍቃዱ! አንተ በፍቃዱ!»

በፍቃዱ በሩን ገፍቶ ገባ። «ምነው እማማ?»

«ቃሬዛ አምጣ። ሰዎቹን ጥራ። ሚስትህን ወደ ጠበል ነው የምናወርዳት፤ ይሄ የሐኪም አይደለም።»

ጠበሉ ገደሉ ሥር ነው። ጤነኛ ሰው እንኳን ቁልቁለቱን ቁጭ ብሎ እየተንፏቀቀ ነው የሚወርደው። ዙሀራ በአልጋውና በበሩ መካከል ቆመች። «ወላሂ አትነኳትም! ከዚህ ካነሳችኋት መንገድ ላይ ትሞትብናለች። እሷም፣ ልጁም። አምቡላንሱ እየመጣ ነው እኮ!»

«አምቡላንስ ዓይን አያወጣም!»

በፍቃዱ እናቱን አየ፣ አዋላጇን አየ። ምህረት «ሳልሰነጠቅ» እያለች ጮኸች። የወንድ ልጅ ፊት እንደዚያ ሲፈራ ዓባይነሽ አይታ አታውቅም። ወደ በሩ ዞረ። «አራት ሰው አላጣም» አለ።

ዓባይነሽ ምን ሊመጣ እንደሚችል አልጠፋትም። አንዲት ቃል ብትናገር ነገ በዚህ መንደር፣ ሰኞ በመካነ ሰላም ገበያ፣ ከዚያ ባለችበት ሁሉ ይደርሳል። መደቧ ላይ በርበሬ የሚገዛ አይኖርም። በፍቃዱ ልጅቱን ይፈታታል። የሚወለደው ሕፃን አንድ ቀን ከእኩዮቹ ጋር ሲጣላ የሚሰደብበት ስም ተዘጋጅቶ ይጠብቀዋል። የከፋ ቀን ሲመጣ ደግሞ ክብሪት የያዘ ሰው አይጠፋም። ይህን ሁሉ አየችው፤ የአልጋውን ብረት ያዘች።

«በፍቃዱ፣ ቁም» አለች። «ልክፍት አይደለም። ጸሎት ነው።»

ሁሉም ዞሩባት።

«የእናቴ ጸሎት ነው። እኔ ነኝ ያሰማኋት፣ ልጅ ሆና። ግማሹን ረስታው ነው እንጂ ምንም የያዛት የለም።»

«የምን ጸሎት ነው እሳትና ጭቃ ያለበት?» አሉ እትዬ የትምወርቅ።

«የሸክላ ሠሪ ጸሎት።»

ወጣ። ሠላሳ ዓመት የተሸሸገው በሦስት ቃል ወጣ። እትዬ የትምወርቅ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ጫን አደረጉ። አውራ ጣቷን እንደገና አዩት፤ አሁን ገብቷቸዋል።

«አንቺ ከነማን ነሽ?»

«ከነሱ ነኝ እትዬ። ያሰቡት ነው።»

«ልጄን ሰጠሁሽ እኮ! በቤቴ በልተሻል እኮ!»

«በልቻለሁ። እርስዎም የእኔን በልተዋል። ሰው ግን አልበላሁም።»

ምህረት ከሁለቱም ንግግር ምኑንም አልሰማችም። «እማዬ» አለች፣ በጣም ቀጭን በሆነ ድምፅ። «በይልኝ እንጂ።»

እትዬ የትምወርቅ ጣታቸውን ወደ አልጋው ዘረጉ። ሲፈሩ ያመጡት ቃል ግን ዓባይነሽ የጠበቀችው አልነበረም። «ጀምራዋለች» አሉ። «ግማሹን ብላዋለች። ግማሽ ጸሎት ሆዷ ላይ ተንጠልጥሎ ሊቀር ነው? በይ ጨርሺው! ያመጣሽውን ጨርሺው!»

ዓባይነሽ ልጇ ራስጌ ተንበረከከች። ሁለት መዳፏን በምህረት ጉንጭ ላይ አደረገች፣ ብርቄ ጭቃውን ስታለሰልስ እንደምታደርገው። ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ጀመረች።

«ሣራን በእርጅናዋ ያሣቅህ፣ ልያን ባሏ ሲንቃት ያልናቅህ፣ የራሔልን ለቅሶ የሰማህ፣ እኔንም ስማኝ። ግእዙን ወንዶቹ ያውቁታል፤ እኔ የማውቀው ይህንኑ የእናቴን አፍ ነው። አንተም ጭቃ አድቦልቡለህ ሰው ሠራህ፤ እኛም ጭቃ አድቦልቡለን እንኖራለን፤ የሠሪን ጭንቀት ታውቀዋለህ። በእጅህ የሠራሃትን አትተዋት። እሳት ውስጥ ገብታለች። ከእሳቱ በደህና አውጣት። ሳትሰነጠቅ አውጣት። ያቀፈችውንም አውጣላት።»

ምህረት ትንፋሿን ለቀቀች። ረጅም ትንፋሽ ነበር፤ ከጠዋት ጀምሮ የታመቀ። ትከሻዋ ወረደ፣ ጥርሷ ተላቀቀ።

«እሰይ! ተነፈሰች» አለች ዙሀራ። ጎንበስ ብላ አየችና እጇን አዘጋጀች። «አታቁሙ እናቴ። ምንም ይሁን ምን፣ አታቁሙ! ምህረት፣ በጎንሽ ዙሪ። እንዲያ። አሁን ግፊ!»

«የእንጉዳይ ልጅ ብርቄ፣ የብርቄ ልጅ ዓባይነሽ፣ የዓባይነሽ ልጅ ምህረት፣ በደጅህ ቆመናል። የሚመጣውን በዚህ ወገን የዓባይነሽ እጅ፣ በዚያ ወገን...»

እዚህ ላይ አፏ ቆመ። በዚያ ወገን የሚጠራው የባል እናት ስም ነው። እንጉዳይ ስትጸልየው፣ ብርቄ ስትጸልየው፣ የዚያኛዋ ሴት ስም ከራሳቸው መንደር ነበር፤ የሚፈራ አልነበረም። አሁን ግን ይህችን፣ ቡዳ ናት ብላ ነጠላዋን አፏ ላይ የጫነች ሴት፣ በስሟ ጠርታ እዚህ ቃል ውስጥ ልታስገባት ነው። ስሜን በአስማት ጠራችው ብትል ማን ያድናታል? ትታው ብታልፍስ? ያለ ስሙ ጸሎቱ አይዘጋም፤ እናቷ ደጋግማ ነግራታለች።

«ምን ሆንሽ?» አሉ እትዬ የትምወርቅ።

«የእርስዎን ስም ይፈልጋል እትዬ።»

«የኔን?»

«የሁለቱ አያቶች ስም ነው መዝጊያው። ሕፃኑን የሚቀበለው የሁለታችን እጅ ነው። ካልፈቀዱ አልጠራዎትም።»

ምህረት ከሆዷ ጥልቅ ጮኸች። «ራሱ ታየኝ!» አለች ዙሀራ።

እትዬ የትምወርቅ አልጋውን ዞረው መጡ። እንደ ታመመ ሰው ግድግዳውን እየተደገፉ። ዓባይነሽ አጠገብ ሲደርሱ በፍቃዱን ውጣ ብለው በዓይናቸው አባረሩት። ከዚያ ጎንበስ ብለው አፋቸውን ወደ ጆሮዋ አስጠጉ። በእነ እትዬ የትምወርቅ አገር የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም። ቄሱ ያውቀዋል፣ እናት ታውቀዋለች፤ ክፉ ሰው እጅ ከገባ ሰው የሚታሰርበት ስም ነው። እትዬ የትምወርቅ ይህን ስም አርባ ዓመት አብረው ከኖሩት ባላቸው እንኳን እንደሸሸጉት ደጋግመው በኩራት ተናግረዋል።

«የትምወርቅ የገበያ ስሜ ነው» አሉ። «እግዚአብሔር በሱ አያውቀኝም። ወለተ ኪሮስ በይ።»

ዓባይነሽ ቀና ብላ አየቻቸው። የሴትዮዋ ዓይን በፍርሃት ተበልጥጧል። ፍርሃቱን ግን ይዘውት ቆመዋል፤ አልሸሹም።

«በዚህ ወገን የዓባይነሽ እጅ፣ በዚያ ወገን የወለተ ኪሮስ እጅ ይቀበለው» አለች ዓባይነሽ፣ የመጨረሻውን ስም ዙሀራም እንዳትሰማው ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ሰጪው አንተ ነህ።»

ከዚያ በኋላ የመጣው በፍጥነት መጣ። ዙሀራ እትብቱን ከሕፃኗ አንገት ላይ አላቃ አንዲት ቀይ፣ የተቆጣች ሴት ልጅ አወጣች። ሕፃኗ አለቀሰች። ውጭ በፍቃዱ ግድግዳውን ተደግፎ ቁልቁል ተቀመጠ። ዙሀራ በአንድ እጇ ጓንቷን እየመዘዘች ለአምቡላንሱ ሹፌር ደወለች። «እናትየውም ልጅቱም ደህና ናቸው፤ ቀስ ብለህ ና።»

ሕፃኗ ተጠቅልላ መጀመሪያ እትዬ የትምወርቅ እጅ ላይ ገባች። ዓባይነሽ አላየቻትም። ዓይኗን ወለሉ ላይ ጣለች፤ ዓይኔን አሳረፍኩባት ከምባል ባላያት ይሻላል ብላ። እትዬ የትምወርቅ የሕፃኗን ፊት በነጠላቸው ጫፍ ሸፈኑ። ደሞ ገለጡ። እንደገና ሸፈኑ።

«እትዬ» አለች ምህረት ከአልጋው። «ለእማዬ ያሳዩዋት እንጂ።»

ከዚያ የዓባይነሽ ክንድ ላይ አንድ ሞቃት ክብደት አረፈ፤ ነጠላው ከሕፃኗ ፊት ተነስቷል።

«እያት» አሉ እትዬ የትምወርቅ። «ግን ቆንጆ ናት እንዳትዪ።»

«አልልም።»

«እኔም አልልም። ማንም አይልም።»

ከሰዓት በኋላ ምህረትን ወደ ማቆያው መለሷት፤ የአራስ ገንፎ መሠራት ነበረበት። ዓባይነሽ ምድጃው አጠገብ ቆመች። እጇ ወደ ክብሪቱ አልሄድ አላት። ደጅ በፍቃዱ ለዘመዶቹ ስልክ እየደወለ «ሴት ናት!» ይላል። ሰዎች ሊመጡ ነው፤ እትዬ የትምወርቅ ለማን ምን እንደሚሉ አታውቅም።

እትዬ የትምወርቅ ክብሪቱን ከእጇ ስር አነሱት። «ቅዳሜ አይደል?» አሉ፣ ሳያዩዋት። «ራስሽን ያምሻል። ተቀመጪ፤ እሳቱን እኔ አነዳለሁ።»

እንጨቱን አስተካከሉ፣ ጫሩ፣ እፍ አሉ። ጭሱ ሲነሳ ወደ በሩ ዞር ብለው አዩና ድምፃቸውን ቀነሱ። «በፍቃዱና አዋላጇ የሰሙትን በሆዳቸው እንዲይዙ እኔ እነግራቸዋለሁ። ለአባቱ መንገር አያስፈልግም። ስሜ አንቺ ዘንድ ነው፤ እኔም አፌን እይዛለሁ። ገባሽ?»

«ገባኝ እትዬ።»

ይህ ምን ያህል እንደሚያቆይ ዓባይነሽ አላወቀችም። ሴትዮዋ ነገ ልባቸው ሊለወጥ ይችላል፤ ዓመት ቆይተው ሕፃኗን ትኩሳት ሲይዛት ይህን ቀን ሊያስታውሱት ይችላሉ። ያኔ እንደገና ወደ ዓባይነሽ አውራ ጣት ያያሉ።

እትዬ የትምወርቅ ከሌላ ወላድ ቤተሰብ ተውሰው ያመጡትን የሸክላ ድስት ከወለሉ አነሱ። ጉልቻው ላይ ሊጥዱት ሲሉ እጃቸው መሐል ላይ ቆመ። ድስቱን አዩት፣ ዓባይነሽን አዩ። በሩን በእግራቸው ገፋ አድርገው ዘጉና ድስቱን ዘረጉላት።

«ቶሎ በይ» አሉ። «ሰው ሳይመጣ ስሚልኝ።»

ዓባይነሽ አውራ ጣቷን በምራቋ አራሰች።